ተቆለፈ እንጂ አልተዘጋም

ደርግ ከወሎ ጭኖ አሶሳ ሲያራግፈኝ ጺሜ እንኳ በቅጡ አልበቀለም ነበር። ዛሬ በቅሎ፣ ሸብቶ፣ ሊረግፍ ነው። በመሃሉ ምን ሠራህ ብትሉኝ ብዙም አልሠራሁም። መጀመሪያ ገበሬ ሊያደርጉኝ ሞክረው ነበር። በሬዎቹ እንኳ ዞር ብለው ያዩኝ ነበር፤ «ይሄ ነው እኛን የሚነዳን?» የሚሉ ይመስለኛል። በኋላ ፊደል መቁጠሬ ታወቀና አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ቀጠረኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሰውዬ ጀግናም ምሁርም አይደለም። ጣቱ ፈጣን፣ ምላሱ ከጣቱ የፈጠነ፣ ጭንቅላቱ ግን ሁለቱንም ተከትሎ የሚደርስ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ይማም ቀልደኛው» ይለኛል። ይህ የምጽፈው ነገርም ከዚያው ከምላሴ የመጣ ነው።

ባለቤቴ ሉባባ ሁለት ልጆች ወልዳልኛለች። ትልቋ ሐያት አስተማሪ ናት፤ አግብታ ፓዌ ትኖራለች። ፓዌ በካርታ ላይ ጎረቤታችን ናት፣ ክልላችንም አንድ ነው። ነገር ግን መሃላችን ዓባይ አለ፤ መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ልጄን ማየት የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ወርዶ ዞሮ ነበር የሚደርሰው። ትንሹ ከድር ደግሞ እዚሁ አሶሳ ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው።

ነበረችው ማለቴን አስተውላችኋል መሰል።

ጡረታ ስወጣ ከድር ከሞቱ ላፕቶፖች አካል እየፈታ አንድ ሕያው ላፕቶፕ ገጣጠመልኝ። «አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ የሰው ነገር ተይበሃል፤ አሁን የራስህን ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። ችግሩ የጀመርኩት ከወጣትነቴ መሆኑ ነው፤ ይባስ ብሎም ከሉባባ በፊት ከነበረች አንዲት የሐይቅ ከተማ ልጅ። አንድ ቀን ላፕቶፑን እንደተከፈተ ትቼው ለሶላት ወጣሁ። ስመለስ ሉባባ መነጽሬን አድርጋ ፊቱ ተቀምጣለች።

«አይኗ እንደ ምን ነበር ያልከው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እራቴን የሰጠችኝ ጀርባዋን አዙራ ነው። ለከድር አቤት ብል እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። ሲበቃው፣ «ስክሪፕት ልጻፍልህ» አለኝ።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። እጅህ ለተወሰነ ደቂቃ ኪቦርዱን ወይ ማውዙን ካልነካ፣ ስክሪኑን ቆልፎ ጥቁር ያደርገዋል። ያለ ይለፍ ቃል ማንም አይገባም። ማንም ሳያዘው በራሱ ነው የሚሠራው።»

«አንተ ባትኖርስ?»

«እኔ ባልኖርም ይሠራል።»

እየሳቀ ነበር ያለኝ።

ያ ስክሪፕት ግን ጠላት ሆነብኝ። እኔ ስጽፍ መሃል ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ፤ ሳስብ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው። ወላጆቼን ላስታውስ ጣሪያ ጣሪያ ስመለከት ስክሪኑ ጭልም ይላል። ስልኬን አንስቼ እጮሃለሁ፤ «ከድር! ቆለፈብኝ!» እሱም ከሱቁ ሆኖ፣ «አባዬ፣ ፈጥነህ አስብ!» ይለኛል። ይህ የእኔና የልጄ የዘወትር ጨዋታ ነበር።

ክረምት ገባ። ሐያት የበኩር ልጇን በሰላም ተገላገለች። ቤታችን እልል አለ። ከድርም «አጎት ሆንኩ» ብሎ የሱቁን ደንበኞች ሁሉ ሻይ ጋበዘ።

ሐያት ገና አራስ ቤት እያለች ከድር መንጌ ከተማ ሥራ አገኘ። የአንድ መሥሪያ ቤት ፕሪንተር ተበላሽቶ ነው። በጠዋት በሞተር ብስክሌቱ ወጣ። ዝናብ አድሮ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነበር። ወደዚያ ሲሄድ ደህና ነበር፤ ሥራውንም ጨርሷል አሉ። ሲመለስ ነው ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ የከዳው። ልጄን ወደ ቤቴ ያመጣልኝ ማንጎ የጫነ አይሱዙ ነው።

በእኛ ሃይማኖት ቀብር አይዘገይም። በዚያው ቀን ቀበርነው። ጎረቤቴ አልኑር ነው ያጠበው። አልኑር የበርታ ሰው ነው፣ እኩያዬ፣ ከሰፈራ ጊዜ ጀምሮ ወዳጄ። ስለ አልኑር አማርኛ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ ይጠቅማችኋል፤ በእሱ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። «ሉባባ መጣ»፣ «ላም ወለደ» ይላል። እኔም የእሱን ቋንቋ ስናገር ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ስለሚስቁ ተቻችለን ነው የምንኖረው።

ከቀብር መልስ ሴቶቹ አንድ ላይ ሆነው ወሰኑ። «ሐያት አትሰማም። አራስ ናት። ከሰማች ጡቷ ይደርቃል፤ ሕፃኑም አደጋ ላይ ይወድቃል።» ሽማግሌዎቹም አጸደቁት። ፓዌ ያለው አማቼ በስልክ እያለቀሰ ተስማማ። የቀረው ማን ይዋሻት የሚለው ብቻ ነበር።

ሉባባ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ድምፄ ይከዳኛል። አንተ ዋሽ፤ አንተ ለምደሃል።»

እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለጨዋታ ስዋሽ ኖሬአለሁ፤ ለአንድ ቀን ቁም ነገር እየተለማመድኩ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ሐያት ከአራስ ቤት ስትወጣ እኔና አልኑር አዲስ አበባ ዞረን ፓዌ እንገባለን፤ ከአማቼ ሰዎች ጋር ተማክረን ገና ጎህ ሲቀድ በሯን እናንኳኳለን። መርዶ ወግ አለው። ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ ስትወድቅ የሚይዟት፣ ፊቷን ስትቧጭር እጇን የሚከለክሏት። ልጁን የሚቀበል ሰው ይዘጋጃል። ከዚያ ነው አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን የሚጠርገው። የምናገረውን ንግግር ጓሮ ገብቼ ለበቆሎው አጥንቼው ነበር።

እስከዚያ ድረስ በስልክ እዋሻታለሁ። «ከድርስ?» ስትለኝ፣ «ሸርቆሌ ሄዷል፤ የስደተኞቹ ጣቢያ ብዙ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሥራ በዝቶበታል። ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። በዚህ አገር ኔትወርክ የለም ስትሉ የማያምናችሁ የለም። ከዚያ ቶሎ አንድ ቀልድ ጣል አደርግና ስልኩን እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ፊቴን በውኃ እታጠባለሁ፤ ውሸት ፊት ላይ ይደርቃል መሰለኝ።

አንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ ሐያት ደወለች። «አባዬ፣ ዛሬ በስልክ አይሆንም። ላፕቶፑን ክፈት፤ ልጄን በትልቁ እንድታየው እፈልጋለሁ።»

እምቢ የምልበት ሰበብ አጣሁ። አልኑር እንደ ልማዱ በሩ ሥር መቁጠሪያውን፣ ሙስባሃውን፣ እየቆጠረ ተቀምጧል። ሉባባ የላፕቶፑን ድምፅ ስትሰማ ጎመን ለመቁረጥ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የልጇን ፊት እያየች መዋሸት አትችልማ። እኔ ሸሚዜን ቀይሬ፣ ጥርሴን ገልጬ ተቀመጥኩ።

ሐያት ብቅ አለች። ወፈር ብላለች፤ አምሮባታል። «አባዬ! ከሳህ እኮ!»

«እናትሽ ናት፤ ምግብ እየቀነሰች ሌላ ሚስት እንዳላገባ ወገቤን እያቀጠነች ነው።»

ሳቀች። ልጁን ወደ ካሜራው አስጠጋችው። ጭንቅላቱ እንደ ሎሚ ክብ ነው። «ማንን ይመስላል?»

ከድርን ነበር የሚመስለው። ግንባሩ ያው፣ የከንፈሩ አቀማመጥ ያው። «እኔን ነው እንጂ! ይኸው ጥርስ የለው፣ ጸጉር የለው» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀችና ልጁን ወደ ደረቷ መለሰችው። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከድር አኩርፎኛል?»

«ኧረ ምን ያኮርፋል!»

«የወለድኩ ሰሞን ሲደውልልኝ ሞተሩን ሽጠው፣ ትሞትበታለህ ብዬ ተቆጥቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ልጅ ወልጄ እንኳ ያን አንዴ ብቻ ነው የደወለልኝ። ለዚህ አይደለም?»

ፈጣሪ ያሳያችሁ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «ምን ትያለሽ፤ ትናንት እንኳ ስላንቺ ሲያወራ ነበር።»

«ትናንት? ኔትወርክ መጣ እንዴ?»

«ለ... ለትንሽ ጊዜ። መልሶ ጠፋ።»

ፊቷ በራ። «ተመስገን» አለች። ከዚያም ልጇን በክንዷ አቅፋ ዝም ብላ ታየው ጀመር። ልጁ አዛጋ። አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ አይኑን ጨፍኖ፣ ከድር ሕፃን እያለ እንደሚያዛጋው። እጄን ከማውዙ አነሳሁ፣ አገጬን ያዝኩ፣ አየሁት። እሷም አትናገር፣ እኔም አልናገር። ምን ያህል ደቂቃ እንዳየሁት አላውቅም።

ስክሪኑ ጭልም አለ።

ስክሪፕቱ ነው። እጄ ከማውዙ ስለራቀ ሥራውን ሠራ። እኔ ግን የገባኝ፣ ስክሪኑ ከጠቆረ ጥሪውም እንደተቋረጠ ነው። ስልክ ሲዘጋ ይጠቁር የለ? ኮምፒውተርም እንደዚያው መሰለኝ። እፎይ ብዬ ጥርሴን ከደንኩ። ፊቴን ጣልኩት። እጄን በጥቁሩ ስክሪን ላይ አሳርፌ ለልጄ ተናገርኩ፤ ለሞተው ልጄ።

«አንተ ከድር! አፈር ውስጥ ገብተህም ትቆልፍብኛለህ? አሁንም ፈጥነህ አስብ ልትለኝ ነው?»

ለራሴ ቀልድ ያወራሁ መስሎኝ ነበር። ቀልዱ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ።

አልኑር ከበሩ ሥር፣ «ይማም» አለኝ። ድምፁ ቀጥኗል። «ይማም፣ ሰማ። ልጅ ሰማ።»

ወዳጄ ሊያጽናናኝ መሰለኝ። ሙት ይሰማል፣ ልጅህ ይሰማሃል ሊለኝ። «ይስማ!» አልኩት። «ይስማ እንጂ! እህቱን እንዴት እያታለልኩ እንደምውል ይስማ። እሱን ቀብሬ ሸርቆሌ ሄዷል እያልኩ...»

አልኑር ሙስባሃውን ጥሎ ተነሳ። ጣቱን ወደ ላፕቶፑ ቀሰረ። «ከድር አይደለም! ሐያት! ሐያት ሰማ! ውስጥ አለ፣ ወላሂ፣ ውስጡ ሰው አለ!»

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከጥቁሩ ስክሪን ሥር፣ ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ፣ ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«አባዬ» አለ ድምፁ። «ማንን ነው የቀበራችሁት?»

አሁንም ልዋሽ ሞከርኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። «የ... የጎረቤት ልጅ ነው፤ ስሙ ተመሳስሎ ነው እንጂ...»

«አባዬ፣ እያየሁህ ነው።»

እኔ አላያትም፤ እሷ ግን ታየኛለች። የተቆለፈው በእኔ በኩል ብቻ ነው። ያንን ሁሉ፣ ጥርሴን ስከድን፣ ፊቴን ስጥል፣ ጥቁሩን ስክሪን ስዳስስ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ አይታኛለች።

ጮኸች። ያንን ጩኸት አልጽፈውም። የሆነ ነገር ተንኳኳ፤ ወንበር ነው፣ ሰው ነው፣ አላውቅም። ከዚያ የእሷ ድምፅ ጠፋ። የሕፃኑ ለቅሶ ብቻ ቀረ።

«ሐያት! ሐያት!»

ልጁ ያለቅሳል። እሷ የለችም።

የይለፍ ቃሉን መምታት ጀመርኩ። ያ ፈጣን ጣቴ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳያይ ሲመታ የኖረው ጣቴ፣ ፊደል ጠፋው። ተሳስተሃል ይለኛል፤ እንደገና እመታለሁ፤ ተሳስተሃል ይለኛል። ልጁን በእቅፏ እንደያዘች ወድቃ ይሆን? በላዩ ላይ ወድቃበት ይሆን? ለቅሶው የታፈነ መስሎ ተሰማኝ። ስልኬን አንስቼ ለአማቼ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም፤ እሱም አስተማሪ ነው፣ የክረምት ትምህርት እያስተማረ ነበር። የሐያት አማትም በዚያ ሰዓት ገበያ ናት። ልጄ ብቻዋን መሆኗን አወቅኩ። ያን ሁሉ ሰው ሰብስበን ልንነግራት ያልነውን መርዶ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ልጅ አቅፋ፣ ከአንድ ጥቁር ሳጥን ሰማችው።

እንደገና መምታት ስጀምር አልኑር እጄን ያዘው። «ተወው! ቁልፍ ተወው! አውራ! ድምፅ ይሄዳል፤ አውራ!»

ሉባባ ከጓሮ ገባች። እጇ ላይ አፈር አለ፤ ቢላዋውንም አልጣለችም። ፊቴን አየች፣ አልኑርን አየች፣ ጥቁሩን ስክሪን አየች፤ የሕፃኑን ለቅሶ ሰማች። ማንም አልነገራትም። ተንበርክካ አፏን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋች።

«ሐዩ፣ እናትሽ ነኝ። አለሁ። ልጅሽን መሬት አስቀምጪው፤ አንቺም ተቀመጪ። ሐዩዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

ልጁ ብቻ ያለቅሳል።

«ሐዩ፣ መልሽልኝ።»

ከዚያ የበር ድምፅ ሰማን። እርምጃ፣ ፈጣን እርምጃ፣ የሴት ድምፅ። የማናውቀው ድምፅ ነው፤ አማርኛው የደቡብ ሰው አማርኛ ነው። «ሐያት! ምን ሆንሽ? ውይ እናቴ፣ ምን ሆነች? ልጁን ስጪኝ፤ ስጪኝ፣ ይዤዋለሁ። ይዤዋለሁ አልኩሽ፤ ልቀቂው።»

ሉባባ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ሴትየዋ፣ «ማነው እዚህ ውስጥ የሚያወራው?» አለች።

«አባቷ ነኝ።»

«ምን ነገሯት አባት?»

አያችሁ? ለበቆሎው ያጠናሁት ያ ሁሉ ንግግር ጠፋብኝ። «ወንድሟ ሞቷል» አልኩ። «አልነገርናትም። ሰማች እንጂ።»

ሴትየዋ፣ «ብቻዋን?» አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነበር፤ እሷ ግን ለስድብ አላለችውም፤ ለመጠየቅ ነው ያለችው።

አማረች ትባላለች። ከከምባታ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ናት፤ ከሐያት ቤት አጠገብ ትኖራለች። ልብስ ስታሰጣ ጩኸቱን ሰምታ፣ የምታጠባትን ልጇን ለእህቷ አቀብላ ነው ሮጣ የመጣችው። ያን ቀን ፊቷን አላየሁም።

ብዙ ቆይቶ የልጄ ድምፅ ተመለሰ። የራሷ ድምፅ አይመስልም፤ ከሩቅ የመጣ ነው።

«አባዬ።»

«ወይ ልጄ።»

«ከመጀመሪያው ንገረኝ። እንዳትቀልድ።»

ነገርኳት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንጌ፣ ስለ ቁልቁለቱ። መሃል ላይ ስንቴ እንደቆምኩ አላውቅም፤ ስቆም «ቀጥል» ትለኛለች። ማን አጠበው ብላ ስትጠይቅ አልኑር ራሱ ወደ ላፕቶፑ ተጠጋ።

«እኔ አጠበ። ከድር ፊት ደህና ነበር፣ ሐያት። ፊት ምንም አልሆነ። እንቅልፍ ይመስላል።»

«አላህ ይስጥህ አባባ አልኑር» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። «ትናንት ስለኔ ሲያወራ ነበር ያልከኝስ?»

«ውሸት ነው።»

«የሞተ ቀን ጠዋትስ? ስለኔ ምን አለ?»

እንግዲህ ሐቁን ልንገራችሁ። ያን ጠዋት ከድር ስለሷ ምንም አላወራም። አንድ ጥሩ ነገር መፍጠር እችል ነበር፤ ሞተሩን ልሸጠው ነው ብሏል፣ ሰላም በልልኝ ብሏል፤ እነዚህ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፈው ነበር። አንዱንም አላልኩም።

«ምንም አላለም ልጄ። ጃኬቱን ነበር የሚፈልገው። ጃኬቴን ማን አየ እያለ።»

«አገኘው?»

«አገኘው።»

«እሺ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። የመጀመሪያው ጩኸት አይደለም፤ ሌላ ለቅሶ ነው፣ የሚወጣና የሚያወጣ። ሉባባም እዚህ ተቀበለቻት። እናትና ልጅ፣ አንዷ ፓዌ አንዷ አሶሳ፣ በመሃላቸው የተቆለፈ ስክሪን፣ አብረው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንደ ሰው ያለቀስኩት ያኔ ነው፤ ለካ ውሸታም ማልቀስ አይችልም።

ሕፃኑ እንደገና አለቀሰ። ሉባባ፣ «ጡትሽን ስጪው» አለች።

«እምቢ አለኝ እማዬ። ባዶ ነው።»

የፈራነው ደረሰ። ሴቶቹ ያሉት ደረሰ። ሉባባ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ልጄን ከወሰደ በኋላ ይህንንም ሊወስድ ነው ብዬ ፈጣሪን ልከሰው አፌን ስከፍት፣ ከጥቁሩ ስክሪን ውስጥ የዚያች ሴት ድምፅ መጣ።

«እዚህ ስጪው። እኔ ጋ ሞልቷል።»

ከዚያ የልጁ ለቅሶ ቀነሰ፣ ተቆራረጠ፣ ቆመ። ትንሽ የመምጠጥ ድምፅ ሰማን። አልኑር ጆሮውን ላፕቶፑ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ቀና ብሎ፣ «ይጠባል» አለ። «ወላሂ፣ ይጠባል።»

አማቼ እስኪገባ፣ ቤቱ በጎረቤት እስኪሞላ፣ ከዚያም በላይ፣ ከላፕቶፑ ፊት አልተነሳንም። የይለፍ ቃሉንም አልሞከርኩትም። በዚያ በኩል አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ልቅሶው ይነሳል፤ በዚህ በኩል ሉባባ ትመልሳለች። ለካ የፓዌ ሰው እንዲህ ያለቅስ ኖሯል። ልጄ ስንት ሰው እንደነበራት ያወቅኩት በጆሮዬ ነው።

የሐያት ጡት ወዲያው አልተመለሰም። እስኪመለስ ድረስ ልጁን ያጠባችው አማረች ናት። በእኛ ሃይማኖት የእሷ ልጅና የእኔ የልጅ ልጅ እንግዲህ ወንድምና እህት ናቸው። ሐያት ከልጇ ጋር አሶሳ ደርሳ የወንድሟ መቃብር ላይ የተቀመጠች ቀን ይህንኑ ነገርኳት፤ ሳቅ ልትል ብላ ተወችው። ከዚያ አፈሩን በእጇ እየዳሰሰች እንዲህ አለችኝ፤ «ጡቴ እንዳይደርቅ ብላችሁ ደበቃችሁኝ። ደረቀ። ግን ጮኼ ስለነበር ሰው መጣልኝ። እናንተ ያሰባችሁት ለጡቴ ነው፤ ለእኔ አላሰባችሁም።»

የከድር ጓደኛ በኋላ ነገሩን አስረድቶኛል፤ «ጋሼ፣ ስክሪን መቆለፍ አንተን ከውጭ ማስቀረት ነው እንጂ ጥሪውን መዝጋት አይደለም።» ገባኝ። እኛም በሐያት ላይ ያደረግነው ይኸው ነበር። እሷን ከሐዘኑ ውጭ አስቀረናት እንጂ ሐዘኑ አልተዘጋም፤ ውስጡ እየሄደ ነበር። በየቀኑ ወንድሜ አኩርፎኛል እያለች ትተኛ ኖሯል። ይህንን አንድም ቀን አላሰብኩትም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከመካከላችሁ ዛሬ አራስ ናት፣ ፈተና ላይ ነው፣ ታማለች እያላችሁ መርዶ የደበቃችሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። አትደብቁ ልላችሁ አልደፍርም፤ የቤታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። የመርዶ ወግ የተሠራው ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። መደበቁ ሰው እስኪሰበሰብ ብቻ ነበር፤ እኛ መሰብሰቡን ትተን መደበቁን ያዝን። ያን ሰሞን ለአማረች አስቀድመን ብንነግራት ኖሮ ያን ቀን ከልጄ አጠገብ ተቀምጣ ትጠብቀን ነበር። እኛ ግን ከጎረቤት ሁሉ ደበቅን፤ ከአፍ አፍ እንዳይደርሳት ብለን።

አሁን ሐያት ስትደውል ሰላምታ አታስቀድምም። «ማን ሞተ?» ነው የምትለኝ። ማንም አልሞተም እላታለሁ። «እማዬን አምጣት» ትላለች፤ ሉባባን ካሜራው ፊት አቆማለሁ። «አባባ አልኑርስ?» ትላለች፤ እሱንም ከበሩ ሥር ጠርቼ አሳያታለሁ፤ እጁን ያወዛውዝላታል። እኔም ፊቴን አዙሬ፣ በግራ በቀኝ አሳይቻት እቆማለሁ። አንድ በአንድ ቆጥራን ስትጨርስ ነው «እሺ፣ ደህና ናችሁ?» የምትለኝ። አልቀልድባትም። ያን ሰሞን በስልክ ደህና ነን ማለት ከተናገርኳቸው ውሸቶች ሁሉ በጣም ቀላሉ ነበር።